ከመቆም ይሻላል

ከዛንዚባር ከተመለስኩ ወር አልፎኛል። ሻንጣዬን ፈትቻለሁ። ቅርንፉዱን ለእናቴ ሰጥቻለሁ። ካንጋ የሚባሉትን ጨርቆች እህቶቼ ተካፍለዋቸዋል። ፊቴ ላይ የነበረው የፀሐይ ምልክት እንኳ በአዲስ አበባ ክረምት ደብዝዟል። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። እዚያ ሳለሁ ከአፌ የወጣች ሁለት ቃል ናት። አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ትመጣብኛለች። ማታ መብራት አጥፍቼ ጋደም ስል ትመጣብኛለች። ለማንም ሳልናገር ቆይቼ ባለፈው ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ የመለሰልኝን ከሰማሁ በኋላ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ዛንዚባር እኔና የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ለዓመታት ስናወራላት የኖርን ደሴት ናት። በታኅሣሥ ዋጋ እናያለን፤ እንተወዋለን። በነሐሴ እናያለን፤ አሁንም እንተወዋለን። ዘንድሮ ትኬት ቢሮ የምትሠራ ዘመዷ «በሰኔ መጀመሪያ ለምን አትሄዱም?» አለቻት። ዝናቡ እያበቃ ነው፤ ፈረንጁ ገና አልገባም፤ ማረፊያው ግማሽ ዋጋ ነው። በረራው ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የዶላሩን ነገር ታውቁታላችሁ። ለእኛ ዓይነቱ ደሞዝተኛ በግማሽ ዋጋና በሙሉ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት መሄድና መቅረት ነው። አረፋ ባለፈ በሳምንቱ ተነሣን።

ጉዞ የሚሸጡ ሰዎች ለዚህ ጊዜ ስም አላቸው። የሚጨናነቀው ወቅት አለ። ጭር የሚለው ወቅት አለ። በሁለቱ መሃል ያለውን ደግሞ ፈረንጆቹ «የትከሻ ወቅት» ይሉታል። ዘመዷ ይህን ስትነግረን ስለ ትከሻ ምንም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ዋጋው ነበር።

እነሱ ጋ ሲያባራ

ከአዲስ አበባ የወጣነው በዝናብ ነው። ዛንዚባር ስንወርድ ምድሩ እርጥብ ነው፤ ሳሩ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩ ግን ታጥቧል። ሻንጣችንን የተቀበለን የእንግዳ ማረፊያው ልጅ «ማሲካ አልቋል፤ ዕድለኞች ናችሁ» አለን።

ማሲካ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት የሚዘንበው ረጅሙ ዝናባቸው ነው። አጭሩ ቩሊ ይባላል፤ ወደ ኅዳር ላይ ይመጣል። በሚያዝያና በግንቦት አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ በራቸውን ይዘጋሉ። ነፋሱም ስም አለው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ነው። ከማሲካ ጋር ዞሮ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ነው። የድሮ የሸራ መርከቦች ከዐረብና ከሕንድ አገር በካስካዚ ተገፍተው ይመጣሉ፤ ኩሲ እስኪነሣ ይጠብቃሉ፤ በኩሲ ይመለሳሉ። በስዋሂሊ ወቅት «ምሲሙ» ነው፤ ከዐረብኛው «መውሲም» የመጣ ቃል ነው። ደሴቷ ሲዝን ምን እንደሆነ የምታውቀው ቱሪስት ከማየቷ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

አንድ ነገር እዚያ ቆሜ ገባኝ። ያ ያለቀው ዝናብ የት ሄደ? ወደ እኛ ነው የመጣው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት ፀሐይን እየተከተለ ይጓዛል። በሚያዝያ እነሱ ላይ ነው። በሰኔና በሐምሌ ወደ ሰሜን ወጥቶ እኛ ጋ ይደርሳል። እነሱ «አለቀ» ሲሉ እኛ «ገባ» እንላለን። ጂኦግራፊ ክፍል ተምሬው ነበር። ግን ጠዋት ከቤቴ ያወጣኝን ዝናብ ማታ ሌላ ሰው «ተገላገልነው» ሲል መስማት ሌላ ነገር ነው።

ሰዓታቸውም እንደኛ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በስዋሂሊ ሰዓት «ሳኣ» ነው፤ የቀኑ ቆጠራም ከንጋት ይጀምራል። «ሳኣ ምቢሊ» ካሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ፈረንጁ ስምንት የሚለው። ከአዲስ አበባ ጋር የሰዓት ልዩነት ስለሌለን የእጅ ሰዓቴን መንካት አላስፈለገኝም። ቀጠሮ ስንይዝ «ሁለት ሰዓት» ስል ሰዎቹ ፊታቸው ይበራል። ከአገሬ ውጭ ሆኜ ሰዓቴን ሳልተረጉም የዋልኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት እንዳዝናናኝ!

ሁለት ቀን ስቶን ታውን አሳለፍን። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት። ስለ ጠባብ መንገዶቿና ስለ ተጠረቡት በሮቿ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ግን ብዙ ቆየን። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ዛሬ በላዩ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። በዚያ ዘመን በሱልጣኖቹ ቤት የሐበሻ ሴቶችም ነበሩ። ከዚያ ወጥተን ለረጅም ሰዓት አላወራንም። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ባሕር ዳር ላይ ኡሮጆ በላን። ኮምጠጥ ያለ፣ ድንችና ባጂያ የሚገባበት ሾርባ ነው። ከሻጮቹ ጠረጴዛ ገሚሱ ባዶ ነበር። ሻጩ ሁለተኛ ጭልፋ ሳንጠይቀው ጨመረልን።

አባቴ ቤት የሚውልበት ወር

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባም።

አባቴ የቱሪስት ሹፌር ነበር። ላንድክሩዘር ይነዳ ነበር። መስቀል ሲያልፍ ይወጣል። ኅዳር ጽዮን አክሱም ነው፤ ገና ላሊበላ ነው፤ ጥምቀት ጎንደር ነው። እኛ በዓሉን የምናከብረው ያለ እሱ ነበር። ደሞዙ ትንሽ ናት። ዶሮ ማነቂያ የነበረውን ቤታችንን ያቆመው የጉዞ አበሉና እንግዶቹ ሲሰናበቱት የሚሰጡት ጉርሻ ነው። ሰኔ ሲገባ ሁለቱም ይቀራሉ። ስሜን ተራሮች በጉም ይሸፈናሉ። የኦሞ መንገድ ጭቃ ይሆናል። እቁቡ ግን በየሳምንቱ ይመጣል፤ የቤት ኪራዩም እንደዚያው።

እኔ ደግሞ ሰኔን እወደው ነበር። ትምህርት ይዘጋል። አባባ ቤት ነው። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ የሱ ጫማ በር ላይ አለ። ጋቢውን ለብሶ ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል፤ እኔ ጋቢው ውስጥ እገባለሁ። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ወር እሱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈራው ወር ነበር። ይህን በልጅነቴ አላውቅም። አውቅ ነበር ወይ? አሁን ሳስበው ትንሽ ትንሽ አውቅ ነበር።

ሳሎናችን ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ የቤት ስልክ ነበረን። በክረምት አንዳንዴ ይጮኻል። ሥራ የሚሰጠው ሰውዬ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ ከስልኩ ወጥቶ እስከ እኔ ይደርሳል። ሁለት ሰው ተገኝቷል፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ነው፤ ግን ግማሽ ነው የሚከፍሉት። ከዚያ ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ይላል፤ «ከመቆም ይሻላል።»

አባቴ «እሺ» ይላል። ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ እጁን ከላዩ ላይ አያነሣም። ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ይቆያል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ትለዋለች። እሱ መልስ አይሰጥም። ማታ ቦርሳውን ያዘጋጃል። እኔ አለቅሳለሁ፤ ስለሚሄድብኝ። ያንን ሰውዬ ፊቱን አይቼው ባላውቅም ልጅነቴን ሙሉ ጠልቼዋለሁ።

በግራ በኩል የተቀመጠችው ልጅ

አሁን ወደ ስቶን ታውን ልመለስ። በሦስተኛው ቀን በምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ጃምቢያኒ መሄድ ፈልገን ነበር። ዋዜማውን ማረፊያችን በር ላይ አንድ ሹፌር አገኘን። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። 40 ዶላር አለ። እኔ 20 አልኩ። 35 አለ። እኔ ያው 20። ጓደኛዬ ክንዴን ነካ አደረገችኝ፤ አልሰማኋትም። ዋጋ መከራከር ከልጅነቴ የተማርኩት ነገር ነው፤ ደስም ይለኛል። «ሲዝን አይደለም» አልኩት። «ነገ ሌላ ሰው አታገኝም። 25 እንሰጥሃለን። ከመቆም ይሻላል።»

በእንግሊዝኛ ስለነበር ያወራነው ቃሏ ስትወጣ አላወቅኋትም። በአማርኛ ብላት ኖሮ ምናልባት ጉሮሮዬ ላይ ትይዘኝ ነበር። ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሳዋ» አለ። እሺ ማለት ነው።

ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ቅናሽም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ትኬቱ ላይ አገኘሁ፤ ቀጥሎ ማረፊያው ላይ፤ ቀጥሎ ኡሮጆው ላይ ያልከፈልኩበት ጭልፋ ተጨመረልኝ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ሊቀንስልኝ የተፈጠረ መሰለኝ።

ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት መኪናው መጣ። ቶዮታ ኖዋ ናት። ወደ መኪናዋ ስራመድ ክው አልኩ። በግራ በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ሹፌር በሚቀመጥበት ቦታ የስድስት ወይ የሰባት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። ለጥቂት ሰከንድ ዓይኔ አልተቀበለውም። ከዚያ ትዝ አለኝ። እነሱ በግራ መንገድ ነው የሚነዱት፤ መሪያቸው በቀኝ ነው። ልጅቷ የተቀመጠችው የእንግዳ ቦታ ላይ ነው። ለእኔ ግን የአባቴ ቦታ ነበር።

ሹፌሩ ወርዶ በትሕትና ጠየቀን። «ልጄ ናት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እናቷ ሥራ ላይ ናት። ካስቸገረቻችሁ አክስቷ ጋ አደርሳታለሁ። በሲዝን አላመጣትም፤ አሁን ስለሆነ ነው።» እኛ ምን ችግር አለው አልን። ልጅቷ የአረፋ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ወርቃማ ክር ያለበት ሮዝ ቀሚስ። ቀበቶዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ትልቅ ሰው መስላ።

ከከተማው ሳንወጣ ማደያ ጋ ቆመ። ቤንዚን እንዲቀዳ ከሒሳቡ ላይ ትንሽ እንድናስቀድምለት ለመነን። ሰጠሁት። የሰጠሁትን ያህል ብቻ ቀዳ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ታንከርዋ ባዶ የሆነች መኪና ጠዋት ከቤት ስትወጣ እንዴት እንደምትወጣ አውቀዋለሁ። አባቴም ጎረቤት አንኳኩቶ ለቤንዚን ሲበደር አይቻለሁ።

መንገዱ በጆዛኒ ደን ጎን ያልፋል። እዚያ ደን ውስጥ ከዛንዚባር በቀር በዓለም ላይ የትም የሌሉ፣ ጀርባቸው ቀይ የሆነ ጉሬዛዎች አሉ። ጓደኛዬ ኋላ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ በመስኮት ዛፎቹን አያለሁ። ድንገት ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሣችና ጮኸች።

«ባባ! ባባ!»

ባባ በስዋሂሊ አባት ነው። እኔ የሰማሁት ግን «አባባ» ነው። እምላለሁ፣ አማርኛ ነው የሰማሁት። ከመንገዱ ዳር ያለ ዛፍ ላይ ሦስት ጉሬዛዎች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ግልገሏን ታቅፋለች። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ያዘና ቆመ። ለእኛ አልነበረም የቆመው። እኛን ዞር ብሎም አላየንም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ልጁ የምታሳየውን ያያል። እሷ ታወራለች፤ እሱ «ኤኤ፣ ኤኤ» ይላል። ምንም የሚያስቸኩል ነገር እንደሌለው ሰው ነበር።

ያኔ ነው ትናንት ያልኩት በአማርኛ ሆኖ የተመለሰብኝ። ከመቆም ይሻላል። ጆሮዬ ላይ በኔ ድምፅ አልነበረም የመጣው። በዚያ ፊቱን በማላውቀው ሰውዬ ድምፅ ነው የመጣው። ልጅነቴን ሙሉ የጠላሁት ድምፅ ትናንት ማታ የኔ ሆኖ ነበር። አንገቴ ስር ሞቀኝ። የልጅቷን ጀርባ እያየሁ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህች ልጅ ማሲካን ትወደው ይሆናል። ምናልባት ዓመቱን ሙሉ ትጠብቀው ይሆናል። አባቷ ትናንት ማታ ቤት ገብቶ «ሥራ ተገኝቷል፤ ግን…» ሲል ሰምታው ይሆን? እኔ እኮ እሰማ ነበር። ልጆች ሁሉን ይሰማሉ።

ጃምቢያኒ ስንደርስ ካስቀደምኩት ጋር 40 እንዲሞላ አድርጌ ሰጠሁት። ቆጠረው። 15ቱን ለይቶ መለሰልኝ። «እህቴ፣ ትናንት ተነጋግረናል እኮ» አለ። ቁጣም ኩራትም አልነበረበትም። ልጅቷ እጇን አወዛወዘችልን። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶን ሄደ። ልንመለስ ስንል ደውዬለት ነበር፤ ሰሜን በኩል ኑንግዊ እንግዳ ይዞ ነበርና ሌላ ሰው ላከልን።

ባሕሩ ሲሄድ

ጃምቢያኒ ላይ አራት ቀን ተቀመጥን። ስለ ውሃው ቀለም ፎቶ ማየት ይሻላል። እኔን የያዘኝ የውሃው መሄድ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ባሕሩ ይሸሻል። ትርፉ አሸዋ፣ ኩሬና አረንጓዴ ሣር ብቻ ሆኖ ማዕበሉ ከሩቅ ኮራሉ ላይ ሲሰበር ይሰማል። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ የምትሄዱ ካላችሁ መዋኘት የምትችሉበትን ሰዓት ጠዋት ጠይቁ። ሰኔ ላይ ኩሲ ጠንከር ይላል፤ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

ባሕሩ ሲሄድ ሴቶቹ ይመጣሉ። ምዋኒ የሚሉትን የባሕር ሣር የሚያለሙ ናቸው። ሥራው በምሥራቅ ዳርቻው መንደሮች የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ አብዛኛውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ችካል ተክለው ገመድ ይዘረጋሉ፤ ገመዱ ላይ ቡቃያውን አንድ በአንድ ያስራሉ። ሣሩ ሲደርስ ይቆርጣሉ፤ ያሰጣሉ። ከሱ የሚወጣው ማጠንከሪያ ጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ከሌለ አይደርቅም። ስለዚህ ለነሱ ማሲካ ማለቁ ትልቅ ነገር ነው። ባሕሩ መሞቁ ደግሞ የተሻለ የሚሸጠውን ዓይነት እየጎዳባቸው ነው።

መንደሩ ውስጥ ዞር ዞር አልኩ። አንድ ሰው ጀልባውን ገልብጦ ስንጥቁን በጥጥና በዘይት ይደፍናል። ሁለት ወጣቶች የአንድ ማረፊያ ጣሪያ ላይ አሮጌውን ማኩቲ አውርደው አዲስ ያለብሳሉ፤ ከኮኮናት ቅጠል የተሠራ ክዳን ነው። ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይፈታሉ። አንድ ቤት ሠርግ ነበር፤ ከበሮው እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት አልቆመም። እኔ ጭር ያለ ጊዜ ብዬ ነበር የመጣሁት። ማን ነው ጭር ያለው? አልጋዎቹ ባዶ ናቸው እንጂ መንደሩ ሙሉ ነው። ያ የትከሻ ወቅት የሚሉት ቃል እዚያ ተመለሰብኝ። ትከሻ እኛ ዘንድ ሸክም የሚያርፍበት ነው። እኔ ያልከፈልኩትን ግማሽ የተሸከመ ትከሻ አለ። ያ ትከሻ ደግሞ አሁን ጣሪያ ላይ ማኩቲ ተሸክሟል፤ ሐምሌ ሲገባ ፈረንጁ የሚተኛበትን።

ይህን ሁሉ አሰብኩና ግን አልቀለለኝም።

ቅዳሜ ፒያሳ

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ያደግንበት ዶሮ ማነቂያ የለም። እነሱም ወደ ዳር ወጥተዋል። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት ታክሲ ፒያሳ ይመጣል፤ ከድሮ ጓደኞቹ ያገኘውን ያገኛል። ባለፈው ቅዳሜ ማንንም አላገኘም፤ ለእኔ ደወለልኝ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ ተገናኘን። እንደ ወጉ ቆመን ነው የምንጠጣው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። የቡናው ጭስ ከእርጥብ ኮት ሽታ ጋር ተደባልቋል።

ሁሉንም ነገርኩት። ድርድሩን፣ ልጅቷን፣ የመለሰልኝን 15 ዶላር። ስልክ ላይ የነበረውን ሰውዬም አስታወስኩት። «ትሰሚ ነበር?» አለኝ። «እሰማ ነበር» አልኩት። ስኒውን አስቀመጠ።

«እኔ ግማሽ ዋጋውን ጠልቼው አላውቅም» አለኝ። «በክረምት የመጣ እንግዳ እኮ ነው ደብተር የገዛላችሁ። እንደውም በክረምት የሚመጡት ይሻሉ ነበር። አይቸኩሉም። አባይ በረሃ ወርደን ጉም እስኪገለጥ አብረን ቁጭ እንላለን።»

«ታዲያ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ለምን እንደዚያ ትሆን ነበር?»

ቶሎ አልመለሰልኝም። ለኛ ሰኔ በየዓመቱ ሰኞ ነበር አለ መጀመሪያ፤ ሰኔና ሰኞ እንደሚባለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷ ቃል ናት። ከመቆም ይሻላል። መቼ ቆሜ አውቃለሁ? በሰኔ ሞተሩን ማን ነበር የሚያወርደው? ወንበሩን አውጥቼ የማጥበው፣ ጎማ የምለጥፈው፣ ራዲያተር የማስበየደው መቼ ነበር? የቤቱን ቆርቆሮ የምመታው መቼ ነበር? አንቺን ሳይክል ያስተማርኩሽ መቼ ነው? ዝናብ አባርቶ እዚያ ታች ራስ መኮንን ድልድይ ጋ አይደል?»

እዚያው ነው። ረስቼው ነበር። የተከራየናት ሳይክል አንድ ፔዳሏ አይዞርም። እሱ ከኋላ ኮርቻዋን ይዞ ይሮጣል፤ ጫማው በውሃ ሞልቶ ይንቦጫረቃል። እኔ እንደያዘኝ መስሎኝ ስዞር እሱ ከሩቅ ቆሞ ይስቃል። ያንን ክረምት እኔ የማስታውሰው በስልኩ ነበር። እሱ የሚያስታውሰው በሳይክሉ ነው።

«ብሩን መልሶልሻል፤ ጥሩ አድርጓል» አለኝ። «ዋጋማ ተስማምታችኋል። ሥራ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዋጋ ይወርዳል። እሱም ያውቀዋል። የጎደለው ሌላ ነው።»

«ምን ልበለው ነበር?»

«እንኳን አገኘሁህ ነዋ!» አለ፤ ይህንንም ማስተማር አለብኝ ወይ እንደሚል ሰው። «በዚያ ሰዓት መኪናውን አጥቦ በር ላይ የሚጠብቅሽ ሰው ማግኘት ቀላል ነው? በጥር ሹፌር ሲጠፋ እንግዳው ይለምናል። በሰኔም ያው ሹፌር ነው። ያው መንገድ ነው። እንኳን አገኘሁህ ትያለሽ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ ትከራከሪያለሽ።»

ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝን። ስለ ዛንዚባር ብዙ ጠየቀኝ። መሪው በቀኝ መሆኑ አልዋጥልህ አለው፤ ዳገት ላይ ሲቀድሙ እንዴት እንደሚያዩ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። የጉሬዛዎቹን ነገር ሁለት ጊዜ አስወራኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«የልጅቷ ስም ማን ነው?»

አላውቀውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ከኋላዋ ተቀምጬ፣ ስለሷ ይህን ሁሉ ሳስብ ከርሜ፣ ስሟን አልጠየቅኩም። አባቴ ምንም አላለም። እኔ ግን ስልኬን አወጣሁና ለሹፌሩ ዋትሳፕ ላይ ጻፍኩለት። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። እንኳን አገኘንህ አልኩት፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ተቸግሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። የልጁን ስም ጠየቅኩት። ላክሁ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን አብሮኝ ያያል። አንድ ምልክት ብቻ ነው የመጣው።

«አልደረሰውም ማለት ነው?»

«ገና።»

«እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«እንደኛው፤ አምስት ሰዓት።»

«ሐምሌ እነሱ ጋ ሲዝን ነው አላልሽኝም?»

«ነው። ፈረንጁ ሁሉ የሚገባው አሁን ነው።»

«እንግዲያማ መንገድ ላይ ነው» አለ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። «እሰይ! ሰው ይዟል ማለት ነው።»

ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብል እምቢ አለኝ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ዣንጥላውን ሳይከፍት፣ ወደ ታክሲው ሰልፍ ወረደ።